የፊልሙ ጅብና የጎጃም ጅብ

አንድም ሰው የማይታይበት ፊልም ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ምን ሊነግረን ይችላል? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ነገር ግን «ላየን ኪንግ» የተባለው የዲዝኒ የካርቱን ፊልም በሰኔ ወር 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) አሜሪካ ውስጥ መታየት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ሲያከራክር የኖረው ይኸው ጥያቄ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንበሳ አለ፣ ዝንጀሮ አለ፣ ከርከሮ አለ፣ ጅብ አለ። ሰው የለም። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ስለ ሰው ነው።

ፊልሙን ለከተማ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በቪዲዮ ካሴት ዘመን በካሴት፣ በቪሲዲና በዲቪዲ ዘመን በዲስክ፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ ልጆቻችን አይተውታል። ልጆቹን ዝም ለማሰኘት ከፍቶላቸው ከእነርሱ በላይ ተመስጦ የሚያይ አባትም ሞልቷል።

እኔ የፊልም ሃያሲ አይደለሁም። የተማርኩት ሕግ ነው። የሕግ ትምህርት ደግሞ አንድ የማይለቅ ልማድ ያስይዛል፤ ክስ በሰሙ ቁጥር «ተከሳሹስ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ። በዚህ ፊልም ተከሳሹ ጅብ ነው። ይፈረድበታል፣ ይባረራል፤ ቃሉን የተቀበለው ግን የለም። የጎጃም ተወላጅ ለሆንኩት ለእኔ ነገሩ ከፊልምም ያልፋል። እኛ አገር ጅብ እንስሳ ብቻ አይደለምና። «ጅብ» የሚባል ሰው አለ።

ብርሃኑና ጥላው

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ንጉሡ ሙፋሳ ልጁን ሲምባን በማለዳ ከፍ ካለ ዐለት ላይ አውጥቶ ግዛቱን ያሳየዋል። ፀሐይ የምታበራው ምድር ሁሉ የአንበሶች ነው። ከዚያ ማዶ ጥላ ያጠላበት፣ የዝሆን አጥንት የተከመረበት ምድር አለ። ልጁ እዚያ እንዳይደርስ ይከለከላል። የዚያ ጨለማ አገር ነዋሪዎች ጅቦች ናቸው።

ጅቦቹ መቼ ተባረሩ? ምን አጠፉ? ማን ፈረደባቸው? ፊልሙ አንዱንም አይመልስም። እንደራባቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ ረሃባቸው ግን ለሣቅ እንጂ ለሐዘን አልቀረበም። የንጉሡ ወንድም ስካር ዙፋኑን ሲመኝ ለእነዚህ ርኃብተኞች ምግብ ቃል ይገባላቸውና ጭፍሮቹ ያደርጋቸዋል። በፊቱ በሰልፍ ሲያልፉ የሚያሳየው ትዕይንት የናዚ ጀርመንን ሰልፎች እንዲያስታውስ ተደርጎ የተሣለ ነው። ሙፋሳ ይገደላል፣ ስካር ይነግሣል፣ ጅቦቹ ወደ ብርሃኑ ምድር ይገባሉ። አገሩም ይደርቃል። ሲምባ ተመልሶ ሲነግሥ ጅቦቹ ይጠፋሉ፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ሣሩ ይለመልማል።

እንግዲህ የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ይማራል? ጀግንነትን ይማራል፣ አባትን ማክበርን ይማራል፣ ኃላፊነትን ይማራል። እነዚህ መልካም ናቸው። ከእነርሱ ጋር ግን ሌላም ነገር ሳይነገረው ይገባዋል፤ «እነዚያ» ሲገቡ ድርቅ ይመጣል፣ «እነዚያ» ሲወጡ ዝናብ ይመጣል። የአሜሪካ ተቺዎች ፊልሙ ገና እንደወጣ የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ከከተማው ዳር የተጣለውን የድኻ ሰፈርና ከድንበር ማዶ የሚመጣውን ስደተኛ በጅቦቹ ውስጥ አይተውታል።

«አቦ ተዉን፣ እንስሳ ነው እኮ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተረት ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ መልስ አያስኬድም። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጻፋቸው በፊት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ያን ያህል የተማረና ዓለምን የዞረ ሰው ተረት ለመሰብሰብ የተቀመጠው ተረት የሰው ነገር ስለሆነ ነው። በአማርኛ ተረት አንበሳው ባለሥልጣን፣ ጦጣዋ ብልጥ፣ አህያዋ ጭነት የማይለያት ድኻ ናት። ጅቡ ሆዳም ነው። ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም፤ እንስሳው ማንን እንደሚወክል ከሚነገርበት ድምፅ ያውቀዋል።

ድምፁ የማን ነው?

በካርቱን ፊልም ተዋናዩ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ለፍትሕ ስንል ጥሩውን አስቀድመን እንናገር። የንጉሡ ድምፅ የጥቁር አሜሪካዊው የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። የንግሥቲቱ ድምፅ ጃማይካ የተወለደችው የማጅ ሲንክሌር ነው። የመክፈቻውን የዙሉ ዜማ ያዜመው ሌቦ ኤም የተባለው ደቡብ አፍሪቃዊ ነው። የብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት ስም ከስዋሂሊ የተወሰደ ነው፤ ሲምባ «አንበሳ»፣ ራፊኪ «ወዳጅ» ማለት ነው። አፍሪቃን በዚህ ክብር ያሳየ የዲዝኒ ካርቱን ከዚያ በፊት አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ታርዛን» እንኳ አፍሪቃ ውስጥ እየተካሄደ አንድም ጥቁር ሰው አላሳየም። ኩባንያው ጥቁር ልዕልትን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጎን እንሂድ። ያደገው ሲምባ ድምፅ የነጭ አሜሪካዊው የማቲው ብሮደሪክ ነው። ከሦስቱ ዋና ዋና ጅቦች ሁለቱን የተናገሩት ጥቁር አሜሪካዊቷ ዉፒ ጎልድበርግና የሜክሲኮ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ቺች ማሪን ናቸው። አነጋገራቸውም የአሜሪካን ከተሞች የድኻ ሰፈር ያስታውሳል። የሴቷ ጅብ ስም «ሸንዚ» ነው፤ በስዋሂሊ «ያልሠለጠነ» እንደማለት ነው። ክፉው ስካር ደግሞ ጠጉሩ ከወንድሙ የጠቆረ ሆኖ ተሥሏል፤ ድምፁም የእንግሊዛዊው የጄረሚ አይረንስ ነው።

ሮዚና ሊፒ-ግሪን የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ 24 የዲዝኒ ፊልሞችን ወስዳ የ371 ገጸ ባሕርያትን አነጋገር መርምራለች። የውጭ አገር ሰው ቅላጼ ያላቸው ገጸ ባሕርያት ክፉ ሆነው የመቅረብ ዕድላቸው የአሜሪካ ቅላጼ ካላቸው እጥፍ ያህል መሆኑን አገኘች። አስተውሉ፤ አንድም ፊልም «ባዕድ ክፉ ነው» ብሎ አልተናገረም። ልጁ ግን በጆሮው ይማረዋል።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የሬዲዮ ድራማና የቀልድ ካሴት አድማጩን ለማሳቅ የተፈለገው ዘበኛ ወይም ከገጠር የመጣ ሞኝ በምን ቅላጼ ነበር የሚናገረው? ብዙ ጊዜ በእኛ በጎጃሞች ቅላጼ ነው። ዶክተሩ፣ ዳኛውና አፍቃሪው ወጣት ግን የሚናገሩት የሸገርን አማርኛ ነው። እኔ ራሴ ስቄያለሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበርና። የደብረ ማርቆስ ልጅ ግን ከሣቁ ጋር አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ የእናቱ አነጋገር የሞኝ አነጋገር መሆኑን።

ጅብ የሚባለው ሰው

እንግዲህ ወደ አገራችን ጅብ እንመለስ። በጎጃም ደጋማ አገር፣ በሌላውም የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል፣ ቡዳ የሚባል እምነት አለ። ቡዳ በዓይኑ ሰው «ይበላል» ይባላል። ሌሊት ደግሞ ወደ ጅብነት ይለወጣል ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለበት ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ ሰምተው ጽፈውታል። እኔም በልጅነቴ ከምድጃ ዳር የሰማሁት ተረት ከዚህ እምብዛም አይለይም።

ለመሆኑ ቡዳ የሚባለው ማን ነው? ማንም ሰው አይደለም። ቀጥቃጩ ነው፤ ሸማኔው ነው፤ ቆዳ ፋቂው ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት። የእጅ ባለሙያው በጅምላ «ጠይብ» ይባላል። ቃሉ ከጥበብ ጋር የሚዛመድ ነው። ጥበበኛ ማለት ስድብ የሆነበት አገር ምን ያህል እንደሚራመድ አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩን ገበሬው ቤት ገብተን እናየው። የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚፈልጥበት መጥረቢያ ቀጥቃጩ የሠራው ነው። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና፣ ጠላው የሚጠመቅበት ጋን ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጣ ነው። ለቅዳሴ የሚለብሰው ነጠላ፣ ለብርድ የሚደርበው ጋቢ የሸማኔው ነው። የሚተኛበት ቁርበት የፋቂው ነው። ከነዚህ ሰዎች ሥራ ውጭ አንድ ቀን አይውልም። ልጁን ለልጃቸው አይድርም፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም፤ ሕፃን ሲታመምበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው እነርሱን ነው።

ለዚህ መነሻ የሚሆኑ ምክንያቶች አሉ። አንዱ መሬት ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በሚቆጠር የዘር ሐረግ ነበር። የእጅ ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሐረግ ውጭ ስለነበር ርስት አልነበረውም፤ ርስት የሌለው ሰው ደግሞ በመንደሩ ሙሉ ሰው ሆኖ አይቆጠርም። እርሻ የጨዋ ሥራ፣ እጅ ሥራ የባይተዋር ሥራ ሆነ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሻረው። ንቀቱን ግን አልሻረውም፤ ንቀት በአዋጅ አይወረስም።

ሁለተኛው ምክንያት ሃይማኖትና ዘር የተደባለቀበት ነው። በጎንደርና በአካባቢው ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። የክርስቶስን የስቅለት ችንካር የሠሩት የእነርሱ አባቶች ናቸው የሚል ተረት ተፈጠረባቸው፤ ቡዳ ተባሉ፤ ጅብ ተባሉ። ሐጋር ሰሎሞን የተባለች እስራኤላዊት ምሁር ስለ እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችውን ጥናት በእንግሊዝኛ «የጅብ ሰዎች» ብላ የሰየመችው በዚህ ምክንያት ነው።

የፍርድ ሂደቱ ደግሞ የሕግ ሰውን ጸጉር ያቆማል። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ «ይለፈልፋል»። ዙሪያውን የከበቡት «ማን በላህ?» ይሉታል። በትኩሳት የሚቃዠው ሰው የጠራው ስም ማስረጃ ይሆናል። የተጠራው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጥጥ ሲያዳውር ተፈርዶበታል። ክስ ቀርቧል፣ ምስክር ተሰምቷል፣ ውሳኔ ተሰጥቷል፤ ተከሳሹ መጥሪያ እንኳ አልደረሰውም።

ለዚህ ሕግ ያልወጣ እንዳይመስላችሁ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው ምክንያት መሳደብን ከልክለዋል። ሰዳቢው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና በእስራት እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። ባለሙያን የሚያዋርድ አገር ባለሙያ እያጣ እንደሚሄድ ንጉሡ ገብቷቸው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ዛሬም አለ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ልጨምር። ጎጃሜው ማርቆስ ላይ ሸማኔውን ቡዳ ይለዋል። ያው ጎጃሜ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ እርሱ ራሱ ቡዳ ይሆናል! ሕግ በተማርኩበት ዘመን አንድ ተማሪ ጎጃሜ መሆኔን እንደሰማ ምግብ ቤት ፊት ለፊቴ በተቀመጠ ቁጥር ሳህኑን በእጁ ይከልል ነበር። ቀልዱ ነው። የእኔ አገር ሰው የቡዳና የመተት ባለቤት ነው ይባላል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንዲሉ፣ እኛ ደግሞ በሚያውቁን አገር ጨዋ፣ በማያውቁን አገር ጅብ ሆንን። ጅብነት ከሰውየው ጋር የተወለደ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ወንዝ በመሻገር አይለወጥም ነበር። ስሙን የሚሰጠው ተራኪው ነው፤ ተራኪው ሲቀየር ጅቡም ይቀየራል።

ሥራው ይወደዳል፣ ሠሪው ይረሳል

የጎጃም ገበሬ ጋቢውን ለብሶ ሸማኔውን እንደሚንቅ ተናግሬያለሁ። ዲዝኒም በዚሁ ፊልም ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል።

በፊልሙ ውስጥ ስለተኛ አንበሳ የሚዜም፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ዜማ ለአፍታ ይሰማል። የዜማው ምንጭ ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ የዙሉ ድምፃዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ «ምቡቤ» (አንበሳ) በሚል ርእስ አስቀረጸው። ለመብቱ የተከፈለው 10 ሽልንግ ነበር። ዜማው ወደ አሜሪካ ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ዘ ዊቨርስ» የተባለ ቡድን አዜመው። ስሙ በአማርኛ «ሸማኔዎቹ» ማለት ነው፤ አጋጣሚ ነው። በ1961 ደግሞ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ተሠርተውለት የዓለም ዜማ ሆነ። ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ።

ሴት ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪቃ ውስጥ ዲዝኒን ከሰሱ። ጠበቃቸው ኦወን ዲን የተጠቀመው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ይሠራበት የነበረውን የ1911ዱን የቅጂ መብት ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ደራሲው ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ መብቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል። የዲዝኒ የንግድ ምልክቶችም እዚያው አገር በፍርድ ቤት እንዲታገዱ አደረገ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 በስምምነት አለቀ፤ ቤተሰቡም ድርሻውን አገኘ።

ውክልና ስንል እንግዲህ ማን በስክሪኑ ላይ ታየ የሚለው ብቻ አይበቃም። ዜማው የማን ነው? ስሙ ተጽፏል ወይ? ተከፍሎታል ወይ? የአፍሪቃን ድምፅ ወስዶ ፊልሙን ማስዋብ ቀላል ነበር። የዘፈነውን ሰው ለማስታወስ ፍርድ ቤት አስፈለገ።

ጅቡ ራሱ ምን ይላል?

የፊልሙ ሠዓሊዎች ጅብን ለማጥናት በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የጅቦች ምርምር ጣቢያ ሄደው ነበር። ተመራማሪዎቹ ጅቡ በመልካም ገጽታ እንዲቀርብ ጠየቋቸው። ውጤቱን አይተውታል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ስቲቨን ግሊክማን እ.ኤ.አ. በ1995 ጅብ ከአርስጣጣሊስ ዘመን እስከ ላየን ኪንግ ድረስ ስሙ እንዴት እንደጠፋ የሚተርክ ጽሑፍ አሳተመ።

ሳይንሱ ምን ይላል? ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ ባደረገው ጥናት ጅብ ሌሊት ራሱ አድኖ የገደለውን ሲነጋ አንበሳ ነጥቆት ሲበላ አስተውሏል። ጠዋት የደረሰ ሰው አንበሳው ሲበላ ጅቡ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ያያል፤ አዳኙ አንበሳ፣ ለማኙ ጅብ ይመስለዋል። ታሪክ የሚጻፈው በሚነጋበት ሰዓት መሆኑ ይህ ነው።

በአገራችን ጅብ ከሰው ጋር የሚኖር ፍጡር ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ስለማይታረድ ጅቡ አጥንትና ትራፊ ያጣል። ያኔ አህያ ማደን ያበዛል። እኛ ስንጾም እርሱ ይራባል ማለት ነው። ፊልሙ ጅቡ ለምን እንደራበው አልጠየቀም፤ እነዚህ ተመራማሪዎች ጠየቁ፤ መልሱ ከሰው ቤት ተገኘ።

ሐረር ሂዱ ደግሞ። በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ማታ ማታ ጅብ ይመገባል፤ ጅብ ክፉ መንፈስን ይበላልናል የሚል እምነት አለ። ያው እንስሳ ጎጃም ላይ ክፉው መንፈስ ራሱ ነው፤ ሐረር ላይ የከተማው ጠባቂ ነው። እንስሳው አልተለወጠም።

ከተረት ወደ አዋጅ

አንዳንዱ ሰው ይህ ሁሉ ለተረት የበዛ ነገር ነው ይል ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አባባል ወደ ፖለቲካችን ሲገባ ግን ሁላችንም ነበርን። መጀመሪያ የታለመው ሥልጣናቸውን ለዘረፋ ተጠቅመዋል ለተባሉ ሰዎች ነበር። ቆየት ብሎ፣ በተለይ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ፣ ተራውን የትግራይ ተወላጅ መጥሪያ ሲደረግ ሰማን። ሌላውም ጎራ ለባላንጣው የእንስሳ ስም አላጣም። ቃሉ ማብራሪያ ሳያስፈልገው በአንድ ጊዜ የተስፋፋው ለምን ይመስላችኋል? መሬቱ የታረሰው ቀደም ብሎ ነዋ። ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው እንዳለ ከምድጃ ዳር ሰምቶ ላደገ ጆሮ ቀን ጅብ የሚሆን ሰው አለ ቢሉት አይደንቀውም።

በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጣ። አዋጁ የሚጠብቃቸውን መለያዎች ሲዘረዝር ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ይጠቅሳል። ሙያ በዝርዝሩ የለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስሙ ጠርተው የጠበቁትን ቀጥቃጭና ሸማኔ የዛሬው አዋጅ ሳይጠራው አልፏል። በእርግጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ስድብም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። ነገር ግን «ቡዳ» መባል የአንድ ሰው ስድብ ብቻ አይደለም። ልጁን ያለ ጓደኛ፣ የልጅ ልጁን ያለ ጋብቻ የሚያስቀር የወል ስም ነው። ሕግ አውጪው ይህን ክፍተት ቢያጤነው መልካም ነው።

ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስድቡ ከተሰደበ፣ ጋብቻው ከፈረሰ፣ ሰውየው ከተደበደበ በኋላ ይመጣል። ተረት ግን ልጁ ገና «ለምን?» ማለት ሲጀምር ይደርሳል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ ያደገ ትውልድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ባያስታውስም ከተረቶቻቸው አንዱን አይረሳም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ፊልሙን እንከልክል? የለም። ከልጅ የተደበቀ ፊልም ጎረቤት ቤት ይታያል።

አንዱ አማራጭ ተዋናዮቹን መቀየር ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልሙን በአዲስ መልክ ሲሠራ ያደረገው ይህንን ነው። የሲምባና የናላ ድምፅ የጥቁር አሜሪካውያኑ የዶናልድ ግሎቨርና የቢዮንሴ ሆነ፤ ሸንዚም ከቀልደኛነት ወጥታ ኮስተር ያለች መሪ ሆነች። ጥሩ እርምጃ ነው። ጥላው ግን እዚያው ነው፣ ረሃቡም እዚያው ነው፣ ዝናቡም የሚዘንበው ጅቦቹ ሲወጡ ነው። ዳኞቹ ተቀየሩ፣ ፍርዱ ጸና።

ሁለተኛው አማራጭ ተረቱን ራሱን መጠየቅ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ ልጅነቱን ጊኒ ያሳለፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራው «ኪሪኩ» የተባለ የካርቱን ፊልም ነው። ታሪኩ በምዕራብ አፍሪቃ መንደር ነው፤ ሙዚቃው የሴኔጋላዊው የዩሱ ንዱር ነው። ካራባ የምትባል ጠንቋይ መንደሩን አስጨንቃለች። ጎልማሶቹ ሁሉ ይፈሯታል፣ ይረግሟታል። ኪሪኩ የተባለው ትንሽ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፤ «ካራባ ክፉ የሆነችው ለምንድን ነው?» ማንም አይመልስለትም። በመጨረሻ ከአያቱ ዘንድ መልሱን ያገኛል። ሰዎች በጀርባዋ መርዘኛ እሾህ ወግተውባት ነው፤ ሥቃዩ ነው ያከፋት። ልጁ እሾሁን በጥርሱ ነቀለው። ፊልሙ የካራባን ክፋት አልካደም፤ ምክንያቱን ግን ፈለገ።

በአገራችንም የልጆችን ዝግጅት በራሳችን መልክና ቋንቋ መሥራት እንደሚቻል ታይቷል። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ1999 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይዋ ቀጭኔ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። እንግዲህ እንስሳ ሲናገር መስማት ለሚወዱ ልጆቻችን የሚሆን ነገር ለመሥራት ሆሊውድ መሄድ አያስፈልግም። የቀረው በዚህ መንገድ የጎጃምን ቀጥቃጭ፣ የጣና ዳሩን ወይጦ፣ የዶርዜን ሸማኔ ልጆች የታሪክ ባለቤት አድርጎ ማሳየት ነው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጀግና የሆነችበት አንድ ካርቱን ከአሥር የሥልጠና አውደ ጥናት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

እስከዚያው ወላጅ በቤቱ የሚያደርገው አለ። ወጪም የለውም። ልጅዎ ላየን ኪንግን ሲያይ አጠገቡ ይቀመጡና «ጅቦቹን እዚያ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጣቸው ማን ይመስልሃል?» ይበሉት። አያቱ የቡዳ ተረት ስትነግረው ከሰማችሁም አታቋርጧት፤ ተረቷ ሲያልቅ ግን ልጁን «ያ ሸማኔ ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጅቡ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱን የሚያውቅ ልጅ ሞልቷል፤ ቁርበቱን የፋቀው ሰው የት እንደሚኖርና ማዕድ የሚቀርበው ከማን ጋር እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ ነው የሚያስፈልገን።